የቤት ቁልቋል፤ አያያዙና የቀለሙ ለውጥ

ከምንባቡ በፊት

ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሆን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። የሚያተኩረውም በጸሐፊው ስሜት ላይ ሳይሆን በምክንያትና በውጤት ላይ ነው። ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የዚህ ዓይነት ድርሰት ምሳሌ ነው። በምታነቡበት ጊዜ አንድ ምልክት ከአንድ በላይ ምክንያት ሊኖረው እንደሚችልና ምክንያቶቹ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚለዩ አስተውሉ።

ምንባብ

በቤት ውስጥ ከሚተከሉት የጌጥ ተክሎች መካከል እንደ ቁልቋል ጥቂት እንክብካቤ የሚበቃው የለም ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ በመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ ቁልቋል ብዙ ሳይቆይ ቢጫ ሲሆን፣ ሲጠቁርና ሲሞት ይታያል። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ተንከባካቢ አጥቶ ሳይሆን እንክብካቤ በዝቶበት ነው። ባለቤቱ የተክሉ መልክ መለወጡን ባየ ቁጥር ውኃ ያጠጣዋል፤ ውኃው ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። ስለዚህ ቁልቋልን በጤና ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የቀለሙን ለውጥ አይቶ ምክንያቱን መመርመር፣ ምክንያቱንም ሳያረጋግጥ መድኃኒት አለመስጠት ነው።

ሀ. ቁልቋል ምን ዓይነት ተክል ነው?

በአማርኛ «ቁልቋል» የሚለው ስም ለተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። በቆላና በወይና ደጋ ተዳፋት ላይ የሚታየው፣ ቅርንጫፎቹ እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የቆሙት፣ ለአጥርነትም የሚያገለግለው ትልቁ ቁልቋል የአገራችን ተወላጅ ነው። በሥነ ሕይወት አመዳደብ ይህ ተክል ከጉሎ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይቆጠራል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ወተቱም ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

በለስና በአበባ መትከያ የሚያድጉት ክብ ወይም ረዘም ያሉ እሾሃም ተክሎች ግን ካክተስ ከሚባለው ሌላ ቤተሰብ ይመደባሉ። ይህ ቤተሰብ ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከአንድ ዝርያ በስተቀር ሁሉም በተፈጥሮ የሚገኙት በሰሜን፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። በለስም ቢሆን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ሁለቱን ቤተሰቦች ለመለየት እሾሁ የበቀለበትን ቦታ መመልከት ይጠቅማል። የካክተስ እሾህ የሚወጣው ትንሽ ጠጉራም ትራስ ከምትመስል ነጥብ ላይ ነው፤ በአገራችን ቁልቋል ላይ ግን እንዲህ ያለች ነጥብ አትገኝም። በዚህ ምንባብ «ቁልቋል» ስንል በመትከያ የሚያድገውን ካክተስ ማለታችን ነው።

ቁልቋል ዝናብ በሚያጥርበት አገር ለመኖር የሚያስችል አካል አለው። ቅጠሎቹ በረጅም ዘመን ውስጥ ወደ እሾህነት ስለ ተለወጡ ምግብ የማዘጋጀቱን ሥራ የሚያከናውነው አረንጓዴው ግንድ ነው። ግንዱ በውስጡ ውኃ ያጠራቅማል፤ ላዩም ሰም በመሰለ ሽፋን የተለበጠ በመሆኑ ውኃው ቶሎ አይተንም። አብዛኞቹ ተክሎች የአየር ቀዳዳዎቻቸውን በቀን ሲከፍቱ ቁልቋል የሚከፍተው በሌሊት ነው። በሌሊቱ ቅዝቃዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገብቶ በአሲድ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ሲነጋ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። ሥሮቹም ወደ ጥልቅ ከመውረድ ይልቅ ከአፈሩ ወለል በታች ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ አጭር ዝናብ ሲጥል ውኃውን ፈጥነው ይጠጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በደረቅ አፈር ውስጥ ይቆያሉ። እንግዲህ የቁልቋል ሥር የለመደው ጠጥቶ መድረቅን እንጂ ዘወትር በእርጥበት መኖርን አይደለም። ከዚህ በታች የምንመለከተው የአያያዝ ዘዴ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ጠባዩ ላይ ነው።

ለ. ለጤንነቱ የሚያስፈልጉት ነገሮች

መትከያ፦ መትከያው ከታች ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። ያልተቀባ ሸክላ በግድግዳው በኩል እርጥበት ስለሚያስወጣ ከሁሉ ይመረጣል። የወተት ጣሳ ወይም የዘይት ቆርቆሮ መጠቀም የምትፈልጉ ከሆነ ታችኛውን ክፍል በሚስማር በብዙ ቦታ ብሱት። መትከያው ከተክሉ ጥቂት ብቻ የሰፋ ይሁን፤ በጣም ሰፊ ከሆነ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃ ይዞ ይቆያል። ከሥሩ ሳህን የሚቀመጥለትም ከሆነ በሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ውኃ መደፋት አለበት።

አፈር፦ ውኃ ሲፈስበት ወዲያው የሚያሳልፍ አፈር ያስፈልጋል። ውኃ ይዞ የሚያቦካው መረሬ አፈር ለቁልቋል ፈጽሞ አይስማማም። አንድ እጅ የተነፋ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅሎ ማዘጋጀት ይቻላል። ለጠጠሩ ሕንፃ ሠሪዎች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶና ታጥቦ ሲገኝ ጥሩ ነው፤ በውስጡ ቀዳዳዎች ስላሉት አየር ለሥሩ ይደርሳል።

ብርሃን፦ ቁልቋል በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ብርሃን ቢያገኝ ይወዳል። የጧት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ተስማሚ ቦታ ነው። መትከያውን በየሳምንቱ ጥቂት ብታዞሩት ተክሉ ወደ አንድ ወገን ሳያዘነብል ያድጋል።

ውኃ፦ በውኃ አሰጣጥ ላይ የሚሠራው ስሕተት ከሌሎቹ ሁሉ የከፋ ስለ ሆነ ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡ። «በሳምንት አንድ ጊዜ» የሚል የቀን መቁጠሪያ ሕግ ለቁልቋል አይሠራም። ውኃ የሚሰጠው አፈሩ እስከ ታች በደረቀ ጊዜ ነው። መድረቁን ለማወቅ ቀጭን የእንጨት ስንጥር እስከ መትከያው ወለል ድረስ አስገብታችሁ ጥቂት ካቆያችሁ በኋላ አውጡት። እርጥበት ወይም የሚጣበቅ አፈር ይዞ ከወጣ ገና ነው፤ ደርቆ ከወጣ ግን ውኃው ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጠጡት። ከዚያ በኋላ እንደ ገና እስኪደርቅ ድረስ አትንኩት። በየቀኑ ጠብታ ውኃ መስጠት ላዩን ብቻ ስለሚያረጥብ አይጠቅምም።

ወራቱንም መለየት ያስፈልጋል። በደጋና በወይና ደጋ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሰማዩ ደመና፣ አየሩም ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሚሆን አፈሩ ለመድረቅ ብዙ ቀን ይወስድበታል። በዚህ ወቅት መትከያውን ዝናብ ከማያገኘው ቦታ፣ ለምሳሌ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር አስቀምጡት፤ ውኃውንም በጣም ቀንሱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ደግሞ ሌሊት ወደ ቤት አስገቡት። እርጥብ አፈርና ብርድ በአንድነት ሲገኙ ሥሩን ፈጥነው ይጎዱታል፤ ደረቅ አፈር ላይ ያለ ቁልቋል ግን ቅዝቃዜውን የበለጠ ይችላል።

ምግብ፦ አፈሩ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ቢለወጥ ለቁልቋል በቂ ነው። ማዳበሪያ የሚሰጠው ካለ ናይትሮጅን ያነሰበትን መርጦ፣ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ አቅጥኖ፣ ተክሉ በሚያድግበት ወቅት ብቻ መስጠት ይገባዋል።

ሐ. ቀለሙ ሲለወጥ

የቁልቋል ቀለም መለወጥ ራሱ በሽታ አይደለም፤ የአንድ ሁኔታ ምልክት ነው። ምልክቱን በትክክል ለመረዳት ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ለውጡ የታየው በየትኛው ቦታ ነው? ከግርጌ ነው፣ ከጫፍ ነው፣ ወይስ ፀሐይ በሚመታው ጎን? ሁለተኛ፣ የተለወጠው ክፍል ሲነካ ይለሰልሳል ወይስ ይጠነክራል? ሦስተኛ፣ አፈሩ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? በእጅ ስትነኩት እሾሁ እንዳይወጋችሁ በእርሳስ ጀርባ ጫን እያደረጋችሁ ሞክሩ።

ቢጫነት፦ ከግርጌ ጀምሮ ቢጫ የሚሆንና ሲጫኑት የሚለሰልስ ቁልቋል፣ በተለይም አፈሩ እርጥብ ከሆነ፣ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። መድኃኒቱ ውኃውን ወዲያው ማቆምና ሥሩን አውጥቶ መመርመር ነው። ቢጫነቱ በመላ አካሉ ላይ ቀስ ብሎ የመጣ፣ ግንዱም ጠንካራ፣ አፈሩም ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ የቆየ ከሆነ ግን ችግሩ የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል አፈሩን መለወጥ ይበቃል።

ንጣት፦ በጥላ ቆይቶ በድንገት ወደ ደጅ የወጣ ቁልቋል ፀሐይ በሚመታው ጎኑ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ንጣፍ ያወጣል። ይህ የፀሐይ ቃጠሎ ነው። የተቃጠለው ቦታ ቆይቶ እንደ ቡሽ ይደርቃል፤ ተመልሶም አረንጓዴ አይሆንም። ተክሉን ግን አይገድለውም። ወዲያው ወደ ጥላ መልሱት፤ ከዚያም በየቀኑ የፀሐዩን ጊዜ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ አለማምዱት። ከፍ ባለ አገር የፀሐይ ጨረር ኀይለኛ ስለ ሆነ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ጫፉ ቀጥኖ፣ ረዝሞና ገርጥቶ ሲያድግ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው።

ቅላት፦ ግንዱ ሳይለሰልስ ወደ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቁልቋል ኀይለኛ ፀሐይ፣ ብርድ ወይም የውኃ ጥም እንዳገኘው ያመለክታል። ይህን ቀለም የሚሰጡት ቀይ ሥርንም ቀይ የሚያደርጉት ዓይነት ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ተክሉም ራሱን ከጨረሩ የሚከላከልበት መንገድ ነው። ሁኔታው ሲስተካከል ቅላቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በገበያ የሚሸጡት፣ ራሳቸው ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ፣ እግራቸው አረንጓዴ የሆኑት ቁልቋሎች ግን ከዚህ ጋር መምታታት የለባቸውም። እነርሱ ክሎሮፊል የሚባለው አረንጓዴ ንጥረ ነገር ስለ ሌላቸው ምግብ ማዘጋጀት በሚችል በሌላ ቁልቋል ላይ የተዳቀሉ ናቸው፤ ቀለማቸው በሽታ አይደለም።

ቡናማነት፦ በዕድሜ የገፋ ቁልቋል ከግርጌው ጀምሮ ቡናማ፣ ደረቅና ጠንካራ ቅርፊት ያወጣል። ይህ እርጅና እንጂ በሽታ ስላልሆነ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ቡናማው ቀለም ደቃቅ ነጠብጣብ ሆኖ በለጋው ጫፍ አካባቢ ከጀመረና ቀጭን ድር ከታየበት ግን በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ሸረሪት መሰል ተባዮች ገብተውበታል። ተክሉን ከሌሎቹ ለይታችሁ ለስላሳ ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ እጠቡት፤ ይህንንም በየሳምንቱ ለጥቂት ጊዜ ደጋግሙት።

ነጭ ጥጥ መሰል ነገር፦ በእሾሆቹ መካከል የጥጥ ብጥስጣሽ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ጭማቂ የሚመጥጡ ነፍሳት አሉ ማለት ነው። በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ፣ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ 70 በመቶ አልኮል እየነከራችሁ አንድ በአንድ ጥረጓቸው። አልኮሉን ከእሳት አርቁ፤ ተክሉንም እስኪደርቅ ድረስ ከፀሐይ አግልሉት። ነጩ ነገር ሲጨፈለቅ ደማቅ ቀይ ቀለም ከሰጠ ነፍሳቱ ኮቺኒል የሚባሉት ናቸው። የሜክሲኮ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቀይ ቀለም የሚያወጡት ከእነዚህ ነፍሳት ነው። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለዚሁ የቀለም ምርት ሲባል ወደ ትግራይ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር፤ ነገር ግን ከቁጥጥር ውጭ ወጥተው በመዛመታቸው በተለይ በደቡብ ትግራይ ገበሬውና ከብቱ የሚጠቀሙበትን በለስ በሰፊው አጥፍተዋል። ከዚህ የምንረዳው በአንድ መትከያ ላይ የታየ ትንሽ ተባይ ችላ ሊባል እንደማይገባው ነው።

ጥቁረት፦ እየሰፋ የሚሄድ፣ ለስላሳና ውኃ የቋጠረ ጥቁር ቦታ ብስባሽ ነው። ከሁሉም ምልክቶች ይህ አስቸኳይ ነው። ደርቆ የቆመና የማይሰፋ ጥቁር ጠባሳ ግን የቆየ ቁስል ብቻ ሊሆን ይችላል።

መኮማተር፦ መኮማተር የቀለም ለውጥ ባይሆንም ከእርሱ ጋር አብሮ ስለሚታይ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ሁለት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ የተኮማተረና የገረጣ ቁልቋል አላቸው እንበል። የአንደኛው አፈር እስከ ታች ደርቋል፤ የሁለተኛው አፈር እርጥብ ነው። የመጀመሪያው ተክል የተኮማተረው ስለ ተጠማ በመሆኑ ውኃ ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞላል። ሁለተኛው የተኮማተረው ግን ሥሩ በስብሶ ውኃ መሳብ ስላቃተው ነው፤ ውኃ በውኃ ላይ ቢጨመርበት ይሞታል። ሁለቱም ተክሎች መልካቸው አንድ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ስንጥሩን አፈር ውስጥ አስገብቶ ለማየት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ የተክሉን ሕይወት ይወስናል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ያፈሰሰውን መልሶ ለመልቀም እንኳ አይችልም።

መ. የበሰበሰውን ማዳን

ሥሩ ወይም ግንዱ መበስበሱ ከተረጋገጠ የሚከተለው ሥራ በቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. የታጠፈ ጋዜጣ እንደ መቀነት በተክሉ ዙሪያ አድርጋችሁ ያዙትና ከመትከያው አውጡት፤ እርጥቡንም አፈር አራግፉ።

2. ስለታም ቢላዋ በአልኮል አጽዱ። ቡናማና ለስላሳ የሆነውን ሥር ሁሉ ቁረጡ፤ ነጭና ጠንካራውን ተዉት።

3. ብስባሹ ወደ ግንዱ ዘልቆ ከሆነ ከግርጌ ወደ ላይ በቀጭን በቀጭኑ ቁረጡ። የተቆረጠው ገጽ አንዳችም ቡናማ ነጥብ የሌለበት፣ ንጹሕ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ እስኪሆን ድረስ አታቁሙ። በየቁርጡ መካከል ቢላዋውን እንደ ገና አጽዱ፤ አለዚያ በሽታውን ቢላዋው ራሱ ያስተላልፈዋል።

4. የድኝ ዱቄት ከተገኘ በቁስሉ ላይ ነስንሱ። ተክሉን ደረቅና ነፋሻ በሆነ ጥላ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ቁስሉ ደርቆ ቆዳ ማበጀት አለበት።

5. በአዲስና በደረቅ አፈር ትከሉት። እንደ ተተከለ ውኃ አትስጡት፤ ሥር ያለው ከሆነ አንድ ሳምንት ያህል ቆዩ፤ ሥር የሌለው ከሆነ ግን አዲስ ሥር ማብቀል እስኪጀምር ታገሡ።

6. የተቆረጠውን የበሰበሰ ክፍልና የቀድሞውን አፈር ለሌላ ተክል አትጠቀሙበት፤ አስወግዱት።

በሥራው ጊዜ እሾህ ከወጋችሁ በወረንጦ አውጡ። በለስ ያለው ደቃቅ እሾህ በዓይን ስለማይታይ በባዶ እጅ አትንኩት።

ሠ. ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ቁልቋል ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ለውጦች አንዳንዶቹ አደገኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእርጅና ወይም የተፈጥሮ ምልክቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ተክሉ ራሱን የሚከላከልባቸው ናቸው። በቀለሙ ብቻ መፍረድ ስለማይቻል ቦታውን፣ ልስላሴውንና የአፈሩን እርጥበት አብሮ መመርመር ያስፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ በረሃ የሚበቅለው ሳጓሮ የሚባለው ቁልቋል ከ150 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በመስኮታችሁ ላይ ያለው ትንሽ ተክልም ቢሆን በሚገባ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ውኃ ሳይሆን የሚያስተውል ዓይን ነው።

መልመጃ 1፦ የመረዳት ጥያቄዎች

ሀ. የአገራችን ቁልቋልና ካክተስ በምን በምን ይለያያሉ?
ለ. ቁልቋል የአየር ቀዳዳዎቹን በሌሊት መክፈቱ ምን ጥቅም ይሰጠዋል?
ሐ. «በሳምንት አንድ ጊዜ ውኃ አጠጡ» የሚለው ሕግ ለቁልቋል የማይሠራው ለምንድን ነው?
መ. የፀሐይ ቃጠሎን ከሥር መበስበስ እንዴት ትለያላችሁ?

መልመጃ 2፦ የሚከተሉትን ቃላት ትርጉም ከምንባቡ በመነሣት ጻፉ፤ በእያንዳንዱም አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ተዳፋት፣ መረሬ፣ ክፈፍ፣ ስንጥር፣ ገረጣ፣ ወረንጦ

መልመጃ 3፦ ሰዋስው

«አፈሩ እርጥብ ከሆነ፣ ሥሩ እየበሰበሰ ነው» በሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ሐረግ ሁኔታን፣ ሁለተኛው ውጤትን ያመለክታል። ከምንባቡ በ«ከሆነ» ወይም በ«ከታየ» የተያያዙ አራት ዓረፍተ ነገሮች አውጡና ሁኔታውንና ውጤቱን ለይታችሁ አስምሩ። ከዚያም በ«ስለዚህ» ወይም በ«ምክንያቱም» እያያያዛችሁ እንደ ገና ጻፏቸው፤ በትርጉማቸው ላይ የመጣውንም ለውጥ አስረዱ።

መልመጃ 4፦ ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ግቢ የምታውቁትን አንድ ተክል ምረጡ። በተክሉ ላይ የሚታይ አንድ ምልክት ወስዳችሁ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ሊኖሩት እንደሚችሉ፣ ምክንያቶቹም እንዴት እንደሚለዩ የሚያስረዳ አራት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ።